በኅዳግ የተጻፈ ጥያቄ

የተወለድሁበት አገር መካነ ብርሃን ይባላል። በሰሜን ተራሮች፥ በጃናሞራ ወረዳ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ስሟን የሰማ እንግዳ ሰው ሁሉ «የምን ብርሃን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ እኛም የአገሩ ልጆች እንደ ልማዳችን «የፀሐይ ነዋ!» ብለን እንመልሳለን። በእውነትም ጧት ፀሐይ ከተራሮቹ ጫፍ ብቅ ስትል ጉሙ ወደ ገደሉ ወርዶ ይተኛል፤ በገብሱ ላይ ያደረው ውርጭም እንደ ብር ያበራል። ነገር ግን ከዚህ ከሚታየው ብርሃን ሌላ፥ ቀንም ሌሊትም፥ በክረምትም በበጋም፥ የቤት ክዳንና የሰው ሥጋ ሳይከለክለው ሳያቋርጥ በላያችን የሚወርድ አንድ ነገር አለ። ይህን በመጽሐፍ ከተማርሁት ብዙ ዘመን ነው፤ በጆሮዬ የሰማሁት ግን መምህር ሆኜ ወደ አገሬ ከተመለስሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ነገር፥ ደግሞም በእርሱ ምክንያት በአንድ ተማሪ ላይ ስለ ሠራሁት ጥፋት ዛሬ ልጽፍ ተነሥቻለሁ።

ሊቃውንቱ ይህን ነገር ኮስሚክ ጨረር ይሉታል። ጨረር ይባል እንጂ እንደ ፀሐይ ብርሃን ያለ አይደለም፤ እጅግ የደቀቁ የቅንጣቶች ጉዞ ነው። ከእነርሱም የሚበዙት ፕሮቶን የተባሉት ናቸው። አብዛኞቹ ፈንድተው ካለፉ ታላላቅ ከዋክብት እንደሚነሡ ይታመናል። ወደ ብርሃን በሚቀርብ ፍጥነት መጥተው የምድርን አየር ሲመቱ ይሰባበራሉ፤ ስባሪያቸውም ደግሞ ሌላውን አየር እየመታ ልጅና የልጅ ልጅ ያፈራል። ወደ ምድር ከሚደርሱት ልጆች የሚበዙት ሙዮን ይባላሉ። በባሕር ዳርቻ ባለ ቆላ አገር እንኳ በአንድ ካሬ ሜትር ስፍራ በየደቂቃው 10,000 ያህል ይወርዳሉ። አንባቢ ይህችን መስመር አንብቦ እስኪጨርስ ድረስ ብዙዎች በራሱ ገብተው በእግሩ ወጥተዋል።

ይህ ነገር ከላይ እንደሚመጣ የታወቀው በቅርብ ዘመን ነው። ቀድሞ ኤሌክትሮስኮፕ የተባለው መሣሪያ ኤሌክትሪክ ከሞሉት በኋላ ማንም ሳይነካው ኃይሉ ቀስ በቀስ እየጠፋ ያስቸግር ነበር። ሊቃውንቱም ምክንያቱ ከመሬት ድንጋይ የሚወጣ ጨረር ነው ብለው ያስቡ ነበር። እንዲህስ ቢሆን ከመሬት በራቁ ቍጥር ነገሩ መቀነስ ነበረበት። ቪክቶር ሄስ የተባለው የኦስትሪያ ሰው በነሐሴ 1 ቀን 1904 ዓ.ም.፥ በእኛ ዘንድ ጾመ ፍልሰታ በሚያዝበት ዕለት፥ መሣሪያዎቹን ይዞ በባሉን ከ5,000 ሜትር በላይ ወጣ። እጅግ ከፍ ባለ ጊዜም ጨረሩ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ስለዚህ ነገሩ ከምድር ሳይሆን ከሰማይ ነው ብሎ ወሰነ። ስለ ሥራውም ከ24 ዓመት በኋላ የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ካላልሁ የምጠቅሰው ዘመን በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

አሁን ወደ ራሴ ነገር ልመለስ። በውጭ አገር የሚኖር አንድ የትምህርት ቤት ባልንጀራዬ ጋይገር የሚባለውን መቍጠሪያ ላከልኝ። መሣሪያው ከመዳፍ አይበልጥም። በውስጡ ጋዝ የተሞላ ትንሽ ቱቦ አለ፤ በቱቦውም መካከል ቀጭን ሽቦ ተዘርግቷል፤ በሽቦውና በቱቦው መካከልም ብርቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ይደረጋል። አንድ ቅንጣት በጋዙ ውስጥ ሲያልፍ ኤሌክትሪኩ ድንገት ይፈስሳል፤ መሣሪያውም «ጠቅ» ይላል። ተማሪዎቼ ይህን ድምፅ መጀመሪያ በሰሙ ቀን ክፍሉ ጸጥ አለ። ከሰማይ የመጣ ነገር በጆሮአቸው ሲናገር ሰምተዋልና።

መቍጠሩን እንዲህ አድርገን ጀመርን። ልጆቹ ከየቤታቸው ባቄላ አመጡ። አንዱ ሰዓት ይይዛል፤ ሁለተኛው መሣሪያው ጠቅ ባለ ቍጥር አንድ ፍሬ ባቄላ ወደ ጣሳው ይጥላል፤ ሦስተኛው ዐሥር ደቂቃ ሲሞላ ባቄላውን ቈጥሮ በደብተር ይጽፋል። ከከተማችን ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ በቧሂት በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ያልፋል። በአንድ የጥር ወር ዕለት በጭነት መኪና ተሳፍረን ወደዚያ ወጣን። ጅብራው በነፋስ ይወዛወዛል፤ ጭላዳው ከእኛ ጥቂት ራቅ ብሎ ሣሩን ይነጫል። ከጠቅታው ጥቂቱ ከድንጋይና ከአፈር እንደሚመጣ አስቀድሜ ነግሬአቸው ነበር፤ ነገር ግን የከተማችንም የቧሂትም ድንጋይ ያው ጥቍር ድንጋይ ስለ ሆነ፥ በላይ የሚጨምር ነገር ቢገኝ ከሰማይ ነው ብለን ተስማማን። ቈጠርንም። ጣሳው ከታች ካገኘነው አብልጦ ሞላ። ልጆቹም በዚያ ብርድ ላይ እልል አሉ። ሄስ በባሉን ወጥቶ ያገኘውን እኛ በጭነት መኪናና በባቄላ አገኘነው።

ደብተሩን የያዘው ልጅ ዝምተኛ ነበረ። ወደ ቤት ተመልሼ ደብተሩን ስመለከት ቍጥሩ ሁሉ በሥርዓት ተጽፏል፤ በኅዳጉ ግን በደቃቅ ጽሕፈት እንዲህ የሚል ነገር አገኘሁ። «አንዳንድ ጊዜ ሦስት አራት ሆነው ተከታትለው ይመጣሉ፤ ከዚያ ብዙ ዝም ይላል። ለምን?» እኔም መልሱን ሳላስብ በቀይ ቀለም ሰረዝሁበትና በማግሥቱ ጠርቼ «ልጄ፥ ይህ የመሣሪያው ጥፋት ነው፤ አንተ ቍጥሩን ብቻ ጻፍ» አልሁት። እርሱም «እሺ መምህር» ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በኅዳጉ ላይ ምንም አልጻፈም።

በሚቀጥለው መስከረም ያ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰም። ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ወረደ አሉኝ። ያስወጣው የቤቱ ችግር ነው፤ በዚህ እኔ ራሴን አልከስስም። ደብተሩ ግን በእኔ ዘንድ ቀረ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ብሩኖ ሮሲ ስለ ተባለው የኢጣልያ የፊዚክስ ሊቅ አነበብሁ። ሮሲ በ1905 በቬኒስ ተወለደ። ገና በሃያ አምስት ዓመቱ፥ በፍሎሬንስ ሳለ፥ ብዙ መቍጠሪያዎችን በራዲዮ አምፖሎች አያይዞ፥ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ሲመቱ ብቻ የሚመዘግብ መሣሪያ ሠራ። የዚህ ጥበብ ጥቅሙ እንዲህ ነው። ብቻውን ያለ መቍጠሪያ ጠቅ ሲል አንድ ነገር እንዳለፈ ይነግረናል፤ ከየት እንደ መጣ ግን አይነግረንም። በአንድ መስመር የተደረደሩ ሁለት መቍጠሪያዎች አብረው ከመሰከሩ ግን አንዱ ቅንጣት ሁለቱን በስቶ ስላለፈ መንገዱ ይታወቃል። «በሁለት ወይም በሦስት ምስክር» እንደሚባለው ነው። ሮሲ በመቍጠሪያዎቹ መካከል የእርሳስ ብረት እየደረደረ ከቅንጣቶቹ ብዙዎቹ አንድ ሜትር ውፍረት ያለውን ብረት አልፈው እንደሚሄዱ አሳየ።

እርሱ ሊያውቅ የፈለገው ሌላ ነገር ደግሞ ነበረ። ምድራችን ታላቅ ማግኔት ናት፤ ኤሌክትሪክ የተሸከመ ቅንጣት በማግኔት አጠገብ ሲያልፍ መንገዱ ይጠመዘዛል። ስለዚህ ከሰማይ የሚመጡት ቅንጣቶች ፖዚቲቭ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ከሆኑ ከምዕራብ በኩል የሚመጡት ይበዛሉ፤ ኔጋቲቭ ከሆኑም ከምሥራቅ በኩል። ይህን ሮሲ በ1930 በሒሳብ አስቀድሞ ተናገረ። በፍሎሬንስ ሞክሮ ግን ግልጥ የሆነ ነገር አላገኘም፤ ልዩነቱ የሚጐላው በምድር ማግኔት ወገብ አጠገብ ባለ ከፍተኛ ስፍራ ነውና። ስለዚህ በ1933 በመጸው ወራት ከሰርጂዮ ደ ቤኔዴቲ ጋር መሣሪያውን ይዞ በዚያን ጊዜ በኢጣልያ ቅኝ ግዛት ሥር ወደ ነበረችው፥ ዛሬ የኤርትራ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ አስመራ ወጣ። አስመራ ከባሕር በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ናት። በዚያም መቍጠሪያዎቹን አጋድሞ አንድ ጊዜ ወደ ምሥራቅ፥ አንድ ጊዜ ወደ ምዕራብ እያዞረ ቈጠረ። ከምዕራብ የሚመጡት ከምሥራቆቹ በመቶ 26 በልጠው ተገኙ። ስለዚህ ከኅዋ ከሚመጡት የሚበዙት ፖዚቲቭ ናቸው ማለት ነው።

ነገር ግን የእርሱ ውጤት ሳይታተም ሌሎች ቀደሙት። ቶማስ ጆንሰን፥ ደግሞም ሉዊስ አልቫሬዝና አርተር ኮምፕተን በሜክሲኮ ያንኑ ልዩነት አግኝተው ነበር። ሦስት ዓመት ያሰበውና ባሕር ተሻግሮ የፈለገው ነገር በሌላ ሰው ስም ወጣ። እንዲህ ያለውን ነገር የቀመሰ ሰው ምሬቱን ያውቀዋል።

እኔን ግን ከመጽሐፌ ቀና ብዬ ብዙ ሰዓት እንዳስብ ያደረገኝ ይህ አይደለም። በአስመራ ሮሲ መሣሪያውን ሲፈትን ያደረገው ሌላ ሥራ ነው። ሁለት መቍጠሪያዎች በየራሳቸው በተለያዩ ቅንጣቶች ተመትተው፥ ያለ ምንም ዝምድና፥ በአጋጣሚ ብቻ በአንድ ቅጽበት ጠቅ ሊሉ ይችላሉ። ይህ ሐሰተኛ ምስክር ነው፤ ስንት እንደ ሆነ ታውቆ ከድምሩ መቀነስ አለበት። ሮሲም ይህን ለማወቅ መቍጠሪያዎቹን ከመስመር አውጥቶ አራራቃቸው፤ እንግዲህ አንድ ቅንጣት ሁሉንም በስቶ ሊያልፍ አይችልም፤ የሚመዘገበውም አጋጣሚው ብቻ ሊሆን ይገባል። ነገር ግን የተመዘገበው በሒሳብ ከሚጠበቀው አጋጣሚ በለጠ።

እዚህ ላይ እኔ ብሆን የማደርገውን አውቃለሁ። «የመሣሪያው ጥፋት ነው» እል ነበር። ሮሲ ግን እንዲህ አላለም። አንዳንድ ጊዜ እጅግ ሰፊ የሆነ የቅንጣት ዶፍ በመሣሪያው ላይ የሚወርድ ይመስላል፥ ስለዚህም እርስ በርሳቸው የተራራቁ መቍጠሪያዎች አብረው ይመታሉ ብሎ ጻፈ። ነገሩን ጠልቆ ለመመርመር ጊዜ እንዳጣም አልሸሸገም። የጻፈው ጥቂት መስመር ብቻ ነው፤ በዋናው ሥራ አጠገብ እንደ ኅዳግ ጽሑፍ ያለ ነገር ነበረ።

ያ ዶፍ እውነተኛ ነበረ። እጅግ ብርቱ የሆነ አንድ ቅንጣት ከአየሩ ጫፍ ላይ ሲመታ ዘሩ ወደ ታች እየበዛ ሄዶ በሚሊዮንና ከዚያም በላይ ሆኖ በብዙ መቶ ሜትር ስፍራ ላይ በአንድ ቅጽበት ይዘንባል። ፒየር ኦዤ የተባለው ፈረንሳዊ በ1938 የአስመራውን ነገር ሳያውቅ ያንኑ ዶፍ አገኘ፤ መቍጠሪያዎቹንም እያራራቀ ስፋቱን መረመረ፤ ስሙም በእርሱ ተጠራ። ዛሬ በአርጀንቲና ሜዳ ላይ በኦዤ ስም የተሰየመ መመልከቻ አለ። ከ1,600 የሚበልጡ የውሃ ታንኮች አንድ ተኩል ኪሎ ሜትር ያህል እየተራራቁ በ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ተተክለዋል። ቅንጣት በውሃው ውስጥ ሲያልፍ ብልጭ የሚለውን ደካማ ብርሃን እየተጠባበቁ፥ ብዙ ታንኮች አብረው በመሰከሩ ጊዜ የዶፉን ኃይልና የመጣበትን አቅጣጫ ይመዘግባሉ። ያ ሁሉ ሜዳ የአስመራውን አሳብ አስፍቶ የያዘ ነው። ሮሲም ባይመረምረው እንኳ ጽፎት ስለ ነበረ፥ የታሪክ ሰዎች ዛሬ ስሙን ከኦዤ አስቀድመው ይጠሩለታል።

አስመራ ስል ግን አንድ ሌላ ነገር ሳላነሣ ላልፍ አይቻለኝም። ሮሲ ከሰማይ የሚወርደውን ከቈጠረ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፥ በመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፥ የፋሽስት ጦር ከዚያው ከኤርትራ ተነሥቶ መረብን ተሻገረ። በታኅሣሥም የእኛን የሰሜንን ተራራ በሚከብበው በተከዜ ሸለቆ አውሮፕላኖች የመርዝ ጋዝ ጣሉ። አያቶቻችን ወደ ሰማይ ቀና ብለው የሚወርደውን እንዲፈሩ የተማሩት በዚያ ጊዜ ነው። ሊቁንና ወራሪውን አንድ አድርጌ መቍጠሬ አይደለም። ያው የፋሽስት መንግሥት ሮሲን አይሁዳዊ ነህ ብሎ በ1938 ከፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ መንበሩ አስወጣው፤ እርሱም በኮፐንሃገንና በማንቸስተር በኩል ተሰድዶ በ1939 አሜሪካ ገባ።

በስደት አገርም መቍጠሩን አልተወም። በዚያው ዓመት በኮሎራዶ ወዳለው፥ በዚያን ጊዜ ኤቫንስ ዛሬ ደግሞ ብሉ ስካይ ወደሚባለው ተራራ ወጣ። ከፍታው ከቧሂት ጫፍ ብዙ አያንስም። ከተራራው ጫፍ እስከ ቺካጎ ሜዳ ድረስ በተለያየ ከፍታ እየቈጠረ፥ ዛሬ ሙዮን የምንላቸው ቅንጣቶች በመንገድ ላይ እንደሚሞቱ አሳየ። የሙዮን ዕድሜ ከአንድ ሴኮንድ ሚሊዮንኛ 2.2 ያህል ነው፤ በዚህ ዕድሜ ብርሃን እንኳ 660 ሜትር ብቻ ይሄዳል። ሙዮኖች ግን 15 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ካለ ስፍራ ተወልደው ወደ እኛ ይደርሳሉ። ይህም አይንሽታይን እንደ ተናገረው እጅግ ለፈጠነ መንገደኛ ጊዜ ስለሚዘገይ ነው። በቧሂት ላይ ልጆቼን እልል ካሰኛቸው ጠቅታ ብዙው የእነዚህ መንገደኞች ድምፅ ነበረ።

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ የዚያን ልጅ ደብተር ከሣጥን አወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ልጁ ያየው የሮሲን ዶፍ አይደለም። በዶፉ የሚወርዱት ቅንጣቶች አብረው ስለሚደርሱ አንድ ቱቦ ብቻ ላለው መሣሪያ አንድ ጊዜ ጠቅ ብለው ያልፋሉ። የልጁ ሦስትና አራት እየሆኑ መምጣት የአጋጣሚ ሥራ ነበረ። ሥርዓት የሌለው ነገር እኩል እየተራራቀ አይመጣም፤ የክረምት መግቢያ ዝናብ በቆርቆሮ ክዳን ላይ ሲጀምር ሁለት ሦስቱ ጠብታ አብሮ ወርዶ ከዚያ ጥቂት ዝም እንደሚል ማለት ነው። እንግዲህ የመሣሪያው ጥፋት ነው ያልሁት ሐሰት ነበረ፤ መሣሪያው እውነቱን ተናግሯል፤ ልጁም እውነቱን ሰምቷል። ከዚህም የሚብሰው፥ «በአጋጣሚ ስንት ጊዜ አብረው ይመጣሉ?» የሚለው ጥያቄ ሮሲ በአስመራ መቍጠሪያዎቹን ያራራቀበት ጥያቄ ነው። አጋጣሚውን በሚገባ ያልቈጠረ ሰው ከአጋጣሚ የሚበልጠውን ሊያይ አይችልም። ልጁ በበሩ ላይ ቆሞ ሲያንኳኳ እኔ በሩን በቀይ ቀለም ዘጋሁት።

በጎንደር አገር የብራና መጻሕፍት ኅዳግ ባዶ ሆኖ አይቀርም። በመካከሉ የተጻፈው ወንጌል ወይም ገድል ሲሆን፥ በኅዳጉና በተረፈው ባዶ ገጽ ላይ የጕልት ስጦታ፥ የርስት ሽያጭ፥ የምስክሮች ስም ተጽፎ ይገኛል። የታሪክ ሊቃውንትም ብዙ ጊዜ ከሩቅ አገር የሚመጡት ያን ፈልገው ነው። ጸሓፊው ሥፍራ አለኝ ብሎ በጥግ የጻፋት ነገር ለኋለኛው ሰው ዋና ነገር ሆነችለት። እኔ በዚህ አገር ተወልጄ፥ እንዲህ ያለውን ብራና ከሕፃንነቴ ጀምሮ እያየሁ አድጌ፥ ኅዳግ የሚሰርዝ መምህር ሆንሁ።

ዛሬ ተማሪዎቼ መቍጠሪያውን በያዙ ቀን በደብተራቸው ቀኝ በኩል ሦስት ጣት የሚያህል ስፍራ በመስመር ለይተው ይተዋሉ። በዚያ ስፍራ የማይገጥመውንና የሚያስገርመውን ሁሉ ይጽፋሉ፤ እኔም በዚያ ላይ ቀይ ቀለም አላሳርፍም። ከተጻፈው የሚበዛው ከንቱ ነው። «ዛሬ ብርድ ነው»፥ «ድመቷ ባቄላውን ደፋችው» የሚል ይገኛል። ይህንንም አልሰርዝም።

የዚያ ልጅ ደብተር በእኔ ዘንድ አለ። ቀይ ቀለሜ ደብዝዟል፤ በታቹ ያለው የእርሱ ጽሕፈት ግን ዛሬም ይነበባል። ከሥሩ ቀኑን መዝግቤ «ጥያቄው የሚገባ ነው፤ የተሳሳተው መምህሩ ነው» ብዬ በእጄ ጻፍሁ። ከመተማ በኩል የተመለሰ ሰው ባየሁ ቍጥር ስለ እርሱ እጠይቃለሁ። አንድ ቀን ቢመጣ ደብተሩን እመልስለታለሁ፤ ሁለታችንም ባቄላ ይዘን ዳግመኛ ወደ ቧሂት እንወጣለን።